መዝገቡን ያነበበው ሹም

የካቲት 1860 ዓ.ም. ላይ ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ በዙላ ጠረፍ የወረደው የጄኔራል ናፒየር ጦርም በሰሜን በኩል ወደዚያው አምባ ይገሰግስ ነበር። ጦሩ የተላከው ከቦምቤይ ነው። ከወታደሮቹ የሚበዙት ሕንዶች ነበሩ፤ ከባዱን መድፍ የሚሸከሙት ዝሆኖች ሳይቀሩ ከሕንድ በመርከብ ተጭነው መጥተዋል። በዚሁ ወር በ25ኛው ቀን ደግሞ አንድ የመንገደኛ መርከብ ከካልካታ ወደብ ተነሣ። ከተሳፋሪዎቹ ሦስቱ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው የቤንጋል ወጣቶች ነበሩ። የስዌዝ ቦይ ገና ስላልተከፈተ መርከቡ በኤደን በኩል ገብቶ ቀይ ባሕርን ሽቅብ ማለፍ ነበረበት። የሕንድ ወታደሮች ለእንግሊዝ ንግሥት ሊዋጉ ወደ ሀገራችን ደጋ ሲወጡ፣ ሦስቱ ወጣቶች የዚያችው ንግሥት ሹማምንት ለመሆን ፈተና ሊቀመጡ በባሕሩ ላይ ያልፉ ነበር።

ከሦስቱ አንዱ ሮሜሽ ቻንድራ ዳት ነው። ይህ ሰው የእንግሊዝን መንግሥት ሃያ ስድስት ዓመት በሹመት አገለገለ፤ በእናቱ ቋንቋ በቤንጋሊ ስድስት ልብወለድ ጻፈ፤ በመጨረሻም ያገለገለውን መንግሥት በራሱ በመንግሥቱ መዝገብ የሚሞግት የኢኮኖሚ ታሪክ አቀረበ። እኔ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ በአንድ አውራጃ ግምጃ ቤት የመሬት ግብር መዝገብ ያዥ ነበርኩ። የግብር መዝገብ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን በገዛ እጄ ጽፌ አውቀዋለሁ። ዳትን የማከብረው ለዚህ ነው፤ መዝገቡን ከገበሬው ወገን ሆኖ አነበበው። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ናቸው ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከራምባጋን እስከ ለንደን

ዳት የተወለደው ኦገስት 13 ቀን 1848 በካልካታ ከተማ፣ ራምባጋን በሚባለው ሰፈር ነው። ቤተሰቡ ከእንግሊዞች ትምህርት ቀድመው ከቀመሱት አንዱ ነበር፤ ገጣሚም ጸሐፊም አላጣም። በሃያ አንድ ዓመቷ ያረፈችው፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የጻፈችው ገጣሚ ቶሩ ዳት የዚሁ ቤት ልጅ ናት። አባቱ ኢሻን ቻንድራ ምክትል የግብር ሹም ስለነበር በቤንጋል ከአውራጃ አውራጃ ይዛወራል፤ ሕፃኑ ሮሜሽም የአባቱን ሹመት እየተከተለ በገጠር ትምህርት ቤቶች ተማረ። ካልካታ ብቻ ያደጉ የዘመኑ ወጣቶች ያላገኙትን የገጠር ትውውቅ ያገኘው በዚህ ነው።

በ1861 አባቱ በምሥራቅ ቤንጋል በጀልባ አደጋ ሞተ። እናቱ ቀድማ አርፋ ነበርና ልጆቹን የማሳደግ ኃላፊነት በአጎታቸው በሾሺ ቻንድራ ላይ ወደቀ። አጎትየው ቀን የመንግሥት ጸሐፊ፣ ማታ ደግሞ የራሱ ጸሐፊ ነበር፤ ከእራት በኋላ ልጆቹን ሰብስቦ የእንግሊዝ ገጣሚዎችን ያስነብባቸዋል። ቀን ለመንግሥት፣ ሌሊት ለብዕር የሚለውን ኑሮ ሮሜሽ ያየው በቤቱ ነው።

በዚያን ጊዜ ሕንድን የሚገዛው የሲቪል ሰርቪስ ቁጥሩ ከአንድ ሺህ ብዙ የማይርቅ የሹማምንት ስብስብ ነበር። በ1858 የወጣው የንግሥት ቪክቶሪያ አዋጅ ዘርና ሃይማኖት ለሹመት እንቅፋት እንደማይሆን ቃል ገብቷል። ፈተናው ግን የሚሰጠው ለንደን ብቻ ነው፤ የዕድሜው ገደብም ጥብቅ ነው። የካልካታ ልጅ ለመወዳደር ከፈለገ አስቀድሞ ባሕር መሻገር፣ የማያውቀውን ኑሮ መልመድ፣ ላቲንና ግሪክ ተምረው ካደጉ ልጆች ጋር በነሱው ቋንቋ መፎካከር አለበት። ባሕር መሻገር ደግሞ ለሂንዱ ቤተሰብ ከወገን መለየት ነበር። በዚህ በር ከዳት በፊት ያለፈው ሕንዳዊ አንድ ብቻ ነው፤ የራቢንድራናት ታጎር ታላቅ ወንድም ሳትየንድራናት፣ በ1863።

ስለዚህ ዳት ለዘመዶቹ ሳይናገር ተነሣ። ባለትዳር ነበር፤ የኮሌጅ ትምህርቱንም ገና አልጨረሰም። አብረውት የተሳፈሩት ሱሬንድራናት ባነርጂና ቢሃሪ ላል ጉፕታ ነበሩ። ለንደን ደርሰው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲማሩ ቆዩ፤ በ1869ኙ ፈተናም ሦስቱም አለፉ። ዳት ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ሦስተኛ ወጣ። ሕግም አጥንቶ በ1871 ወደ ሀገሩ ተመለሰ።

የሦስቱ ጓደኞች መንገድ ከዚያ በኋላ ተለያየ። ባነርጂ በ1874 ከሥራው ተባረረና የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስን ሁለት ጊዜ የመራ የአደባባይ ተናጋሪ ሆነ። ጉፕታ ዳኛ ሆኖ ሲሠራ፣ ሕንዳዊ ዳኛ ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ በአውሮፓዊ ላይ ለምን መፍረድ እንደማይችል የሚጠይቅ ማስታወሻ በ1882 ጻፈ፤ ያ ማስታወሻ ሕንድን ያናወጠውን የኢልበርት ረቂቅ ሕግ ወለደ። ዳት ግን በወንበሩ ላይ ቆየ። በእኔ ግምት ከሦስቱ በጣም ከባዱ መንገድ የእሱ ነው። ከውጭ ሆኖ መጮህ ራሱን የቻለ ድፍረት ይጠይቃል፤ ውስጥ ሆኖ ግብር እየሰበሰቡ፣ ፍርድ እየሰጡ፣ የበላይን ትእዛዝ እየፈጸሙ ዓይንን ሳይጨፍኑ መኖር ግን በየቀኑ የሚጠየቁት ድፍረት ነው።

ድርቅና ማዕበል

የመጀመሪያዎቹ የሹመት ዓመታቱ ያለ ምሕረት አስተማሩት። በ1874 በናዲያ አውራጃ ወደ ሜኸርፑር ተልኮ ረሀብተኛን መመገብ ሥራው ሆነ። በዚያ ዓመት የቤንጋል አስተዳደር ከበርማ ብዙ ሩዝ ገዝቶ አስገባ፤ ሕዝቡም በጅምላ ሳይሞት ክፉውን ጊዜ አለፈ። ሥራውን የመሩት ሪቻርድ ቴምፕል ግን ምስጋና ሳይሆን ገንዘብ አባከኑ የሚል ወቀሳ ነው የደረሳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በማድራስና በቦምቤይ ዝናብ ሲጠፋ እኚሁ ሰው ለመቆጠብ ተልከው ሄዱ፤ በመንግሥት የዕርዳታ ሥራ ላይ አፈር ለሚቆፍር ሰው የሚሰጠውን የቀን እህል እስከ ግማሽ ኪሎ አካባቢ አወረዱት። ረሀቡ ገና ሲጠና፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1877፣ ቪክቶሪያ የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት መባሏ በዴልሂ በታላቅ ድግስ ታወጀ። በደቡብና በምዕራብ ሕንድ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። አንድ መንግሥት፣ አንድ ሹም፣ ሁለት ዓይነት ውሳኔ፤ በአንደኛው ሕዝብ ተረፈ፣ በሌላኛው አለቀ። ወጣቱ ዳት ይህን ሁሉ በሥራው ዓለም ውስጥ ሆኖ ነው ያየው።

ለራሱም የባሰ ፈተና ደረሰው። በ1876 በኦክቶበር የመጨረሻ ሌሊት ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሣ አውሎ ነፋስ ማዕበሉን እየገፋ በሜግና ወንዝ አፍ ላይ ባሉት ደሴቶች ላይ ደፋው። ሰው በተኛበት ውሃ ወሰደው። ከተረፉት ብዙዎቹ በየጎጇቸው ዙሪያ በተተከሉት ዛፎች ላይ ተንጠልጥለው ያደሩ ናቸው። በአንድ ሌሊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጠፋ፤ የመጠጥ ኩሬዎቹ በጨው ውሃና በሬሳ ተበከሉና ኮሌራ ገብቶ የተረፉትን ያጭድ ጀመር። ከደሴቶቹ አንዷ ወደሆነችው ወደ ዳክሺን ሻህባዝፑር፣ ዛሬ ቦላ ወደምትባለው፣ ዕርዳታውንና አስተዳደሩን እንዲመራ የተላከው የሃያ ስምንት ዓመቱ ዳት ነበር። እስከ 1878 እዚያ ቆየ።

በ1883 የባከርጋንጅ አውራጃ በኃላፊነት ተሰጠው፤ መቀመጫው ባሪሳል ነው። እንግሊዞች በሚገዙት ሕንድ አንድን አውራጃ በሙሉ ሥልጣን ያስተዳደረ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። ጊዜው የኢልበርት ሕግ ክርክር የጋለበት ነው። በካልካታ ያሉ እንግሊዛውያን ሕንዳዊ በነጭ ላይ ሊፈርድ አይገባውም እያሉ ስብሰባ ይጠሩ፣ ጋዜጣ ያጥለቀልቁ ነበር፤ ሕጉም በመጨረሻ ጥርሱ ወልቆ ነው የጸደቀው። ዳት በዚያ ጫጫታ መሐል በሙግትና በደም ግጭት የታወቀውን ያን ከባድ አውራጃ ሁለት ዓመት በሰላም አስተዳደረ። ሕንዳዊ አውራጃ መግዛት አይችልም ለሚሉት የሰጠው መልስ ሥራው ነበር። በ1890ዎቹ የቡርድዋንና የኦሪሳ ኮሚሽነር እስከ መሆን ደረሰ፤ ከእሱ በፊት እዚያ ማዕረግ የወጣ ሕንዳዊ አልነበረም።

ሌሊት የሚጻፈው

ዳት መጻፍ የጀመረው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ቤንጋሊ የመለሰው ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ታላቁ ልብወለድ ደራሲ ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ። ባንኪም ከ1858 ጀምሮ ምክትል ዳኛና የግብር ሹም ነበር። ለንደን ሄዶ ስላልተፈተነ ወደ ላይኛው ማዕረግ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶበታል። የልቡን የሚጽፍበትን ባንጋዳርሻን የተባለ መጽሔት ግን በ1872 አቋቁሟል። ለወጣቱ ሹም፣ በራስህ ቋንቋ ለምን አትጽፍም አለው። ዳት የቤንጋሊን የጽሕፈት ወግ አላውቅም ብሎ ሲያመነታ፣ ባንኪም እንዳንተ ያለ የተማረ ሰው የሚጽፈው ራሱ ወግ ይሆናል ሲል አበረታታው።

ምክሩ ፍሬ አፈራ። በ1874 ባንጋ ቢጄታ የተባለው የመጀመሪያው ልብወለድ ወጣ። ታሪኩ የተመሠረተው በዓፄ አክባር ዘመን፣ ቤንጋልን ለሞጎሎች ባስገበረው በቶዳር ማል ጊዜ ላይ ነው። ቶዳር ማል በሕንድ ታሪክ በጦርነቱ ብቻ ሳይሆን መሬት በማስለካትና የግብር ሥርዓት በመዘርጋት የታወቀ ሰው ነው፤ ቀን ግብር የሚሰበስበው ዳት ሌሊት ስለ ጥንቱ የግብር ሚኒስትር ዘመን ጻፈ። እስከ 1879 ድረስ ሌሎች ሦስት የታሪክ ልብወለዶች ተከተሉ፤ ስለ ማራታዎችና ስለ ራጅፑቶች ተጋድሎ የሚተርኩት በቤንጋል ወጣት ዘንድ እጅግ ተወደዱ። በኋላ የጻፋቸው ሳምሳርና ሳማጅ ከጦር ሜዳ ወጥተው ወደ መንደር ቤት ይገባሉ፤ ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት እንደገና ማግባት ትችላለች ወይ፣ ከጎሳ ውጭ መጋባት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን በተራ ሰው ኑሮ ያሳያሉ።

በቤቱ የተደረገ አንድ ሠርግ በቤንጋል ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ሲነሣ ይኖራል። ዳት ትልቋን ልጁን ሲድር ባንኪም በክብር እንግድነት ተገኝቶ ነበርና የአበባ ጉንጉን ሊያጠልቁለት ቀረቡ። ባንኪም ጉንጉኑን ተቀብሎ፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ለነበረው ለራቢንድራናት ታጎር አንገት አጠለቀለትና ክብሩ የሚገባው ለዚህ ልጅ ነው አለ፤ የልጁን ግጥሞች ማንበቡን ዳትንም ጠየቀው። ይህን የተረከው ታጎር ራሱ ነው። በ1894 የቤንጋል ሥነ ጽሑፍ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ዳት ሆነ፤ ታጎር ከምክትሎቹ አንዱ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ብዙ ቁጣ ያስነሣበት ከ1885 እስከ 1887 ያወጣው የሪግ ቬዳ የቤንጋሊ ትርጉም ነው። ዳት ከካህናቱ መደብ፣ ከብራህሚኖች፣ አልነበረም፤ ቅዱሱን መጽሐፍ ለማንም አንባቢ በሚገባ የአገር ቋንቋ ማውጣቱ ለካህናቱ ድፍረት ሆነባቸው። ተቃውሞው አላስቆመውም። ለሕዝብ የሚገባው ነገር በጥቂቶች እጅ ተቆልፎ መቅረት የለበትም የሚለው እምነቱ በቬዳውም በግብር መዝገቡም አንድ ነበር።

በመዝገቡ መስመር ውስጥ

ስለ ገበሬው የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ የቤንጋል ገበሬዎች፣ የወጣው በዚያው በ1874 ነው። ከዓመት በፊት በፓብና አውራጃ ገበሬዎች በዘሚንዳሮች ኪራይ ላይ ማኅበር አቁመው ተነሥተው ነበር። ዘሚንዳር ማለት በመንግሥትና በገበሬው መካከል የቆመው ባለ መሬት ነው። ሎርድ ኮርንዋሊስ በ1793 ባወጣው ቋሚ ድልድል ዘሚንዳሩ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ለዘለዓለም አንድ ሆኖ ተወሰነ፤ ዘሚንዳሩ ከገበሬው የሚወስደው ግን ልክ አልተበጀለትም። ዳት ያለው ይህ ነው፤ ለጌታው የተሰጠው ዋስትና ለገበሬውም ይሰጠው። ባለ መሬቶቹ ተቆጡ። የሃያ ስድስት ዓመት ሹም ከገዛ መደቡ ጋር መጣላትን አልፈራም።

እዚህ ላይ የራሴን ላንሣ። በያዝኩት መዝገብ አንድ ገባር ማለት አንድ መስመር ነበር። ስም፣ የመሬት ልክ፣ የተጣለበት ግብር፣ የከፈለው፣ ያልከፈለው። በዚያ መስመር ላይ ዝናብ የለም፤ የሞተ በሬም ሆነ የወለደች ሚስት የለችም። ገበሬው ያልከፈለው ውዝፍ ተብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ይዞራል፤ እኔም በቀይ ቀለም እጽፈዋለሁ። ግብሩ በጥሬ ገንዘብ፣ በተቆረጠ ቀን ስለሚከፈል ገበሬው እህሉን የሚሸጠው ገበያው በጠገበበትና ዋጋው በወደቀበት ሳምንት ነው። ያላዳረሰው አራጣ ይበደራል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ጎተራው ባዶ ነው፤ መዝገቡ ግን ሙሉ ነው። ገቢያችን በዛ ተብሎ ጽሕፈት ቤቱ የተመሰገነበትን ዓመት አስታውሳለሁ፤ በዚያ ዓመት ከኛ አውራጃ ብዙ ቤተሰብ መሬቱን ለቅቆ ተሰድዶ ነበር።

የዳትን የሕንድ ኢኮኖሚ ታሪክ ሳነብ የገረመኝ ይህንኑ ነገር በአንድ ክፍለ ዓለም ስፋት ጽፎት በማግኘቴ ነው። ሁለቱ ቅጾች የወጡት በ1902ና በ1904 ነው። ማስረጃዎቹ ከእንግሊዝ ፓርላማና ከራሳቸው ከሹማምንቱ የወጡ ናቸው፤ ሪፖርት፣ የኮሚቴ ቃለ ምስክር፣ የደብዳቤ ልውውጥ፣ የገቢ ሠንጠረዥ። ከእነዚያ ወረቀቶች ያወጣቸው ቁጥሮች ዛሬም ያስደነግጣሉ። በ1764 የመጨረሻው ሙስሊም ገዥ ከቤንጋል የሰበሰበው የመሬት ግብር 817,553 ፓውንድ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች ከዚያው ሀገር 2,680,000 ፓውንድ ሰበሰቡ። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ደግሞ የ1770 ረሀብ አለ፤ ከቤንጋል ሕዝብ ሲሶው እንደሞተ የሚገመትበት። ዋረን ሄስቲንግስ ከረሀቡ በኋላ ለአለቆቹ ሲጽፍ የ1771 ገቢ ከረሀቡ በፊት ከነበረው ከ1768 ገቢ እንኳ እንደበለጠ አስታወቀ። ሲሶው ሕዝብ ሞቶ ግብር ጨመረ። የሞቱትን ሰዎች ግብር የከፈሉት የቀሩት ናቸው። ይህን የጻፈው ዳት አይደለም፤ የግዛቱ ሹም ነው። የዳት ሥራ ያንን ወረቀት ከመደርደሪያ አውርዶ ከሙታኑ ቁጥር አጠገብ ማስቀመጥ ነበር።

ስለ ሸማኔዎችም እንዲሁ። በ1813 የሕንድ ጥጥና ሐር ጨርቅ በለንደን ገበያ ከእንግሊዙ ከ50 እስከ 60 በመቶ ረክሶ ሊሸጥ ይችል እንደነበር፣ ያንን ለማገድ ከ70 እስከ 80 በመቶ ቀረጥ እንደተጫነበት የመሰከረው እንግሊዛዊው የታሪክ ሰው ሆረስ ዊልሰን ነው። ፍራንሲስ ቡካናን በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ ቢሃርንና ሰሜን ቤንጋልን ዞሮ ሲመዘግብ በፓትና አካባቢ ብቻ ከ330,000 በላይ ፈታይ ሴቶች አግኝቷል፤ አብዛኞቹ ከቤት ሥራ በተረፋቸው በከሰዓቱ ሰዓት የሚፈትሉ። ከእንግሊዝ የማንቸስተር ፋብሪካ ክር ሲገባ የእነዚያ ሴቶች ገቢ ጠፋ። ገበሬው በክፉ ዓመት ይደገፍበት የነበረው የሚስቱ እንዝርት ሲቆም ቤተሰቡ ከመሬቱ ሌላ ምንም አልቀረውም፤ በመሬቱ ላይ ደግሞ ግብሩ ነበረ።

ከዚያም በየዓመቱ ወደ ለንደን የሚሄደው ገንዘብ አለ፤ የጡረታ፣ የዕዳ ወለድ፣ የሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወጪ። ዳት በጻፈበት ጊዜ ወደ 17 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሷል። ሌላው ከሀገር የሚወጣ ገንዘብ ሲጨመርበት፣ ከጠቅላላው 44 ሚሊዮን የተጣራ የሕንድ ገቢ ግማሽ ያህሉ ከሀገሩ ይወጣል ሲል አሰላ። ከሕንድ ድንበር ውጭ የተደረጉ ጦርነቶች ወጪ በሕንድ ላይ መጣሉንም አጥብቆ ተቃወመ። መቅደላ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በኖቬምበር 1867 የእንግሊዝ ፓርላማ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱት የሕንድ ወታደሮች መደበኛ ደመወዝ ከሕንድ ግምጃ ቤት እንዲከፈል ወሰነ። ከራሳቸው ከእንግሊዞቹም ሎርድ ክራንቦርን ሕንድን ሳይከፍሉ ጦር የሚቀዱባት የጦር ሰፈር ማድረጉን ነቅፈዋል፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ስለዚህ ዓፄ ቴዎድሮስን የከበበው ጦር ከበላው እንጀራ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል ሀገር መኖሩን ሰምቶ የማያውቅ የሕንድ ገበሬ ግብር ነበረበት። ስለ መቅደላ ስንናገር የተዘረፈውን ታቦትና የብራና መጽሐፍ እናነሣለን፤ ማንሣታችንም ተገቢ ነው። የዚያን ዘመቻ ዋጋ ከፊሉን ማን እንደከፈለም ማወቅ ይገባናል።

ክርክሩ

ዳት በ1897፣ ገና በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሥራውን ለቀቀ። ብዙ የሚጠበቅ ሹመት ነበረው። ነገር ግን በሹመት ላይ ሆኖ ሊናገር የማይችለው ነገር በዝቶበት ነበር። ለንደን ሄዶ በተማረበት ኮሌጅ የሕንድን ታሪክ ማስተማር ጀመረ፤ ጥንታዊዎቹን የሕንድ የጀግንነት ግጥሞች፣ ማሃብሃራታንና ራማያናን፣ አሳጥሮ በእንግሊዝኛ ግጥም አወጣ። በ1899 መጨረሻ በላክናው የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲናገር ሌላ ታላቅ ረሀብ ሕንድን ይዟት ነበር። በ1900 ለእንደራሴው ለሎርድ ከርዘን ስለ ረሀብና ስለ መሬት ግብር ግልጽ ደብዳቤዎች ጻፈ።

የጠየቀው አብዮት አይደለም። ገበሬው በቀጥታ ለመንግሥት በሚከፍልባቸው አውራጃዎች ግብሩ ከተጣራው ምርት ከግማሽ አይለፍ፤ ግመታው በየሠላሳ ዓመቱ እንጂ በአጭር ጊዜ አይለወጥ፤ ጭማሪ የሚደረገው የእህል ዋጋ ሲጨምር ወይም መንግሥት መስኖ ሲያወጣ ብቻ ይሁን፤ ይህን ነው ያለው። ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን ሹማምንትም ከእሱ ጋር ተስማምተው ተመሳሳዩን አቤቱታ ለለንደን መንግሥት ፈርመዋል። ከርዘን ለየክፍለ ሀገሩ ጽፈው መልስ አሰባሰቡና በጃንዋሪ 1902 ሰፊ ውሳኔ አወጡ፤ የረሀቡ ምክንያት የዝናብ መጥፋት ነው፣ ግብሩ ከባድ አይደለም የሚል። በዚያው ውሳኔ ውስጥ ግን ትልቅ ጭማሪ ቀስ በቀስ እንዲጣል፣ በክፉ ዓመት ግብር እንዲዘገይ ወይም እንዲማር የሚሉ አንቀጾች ገቡ። አንድ ጡረተኛ በብዕሩ ብቻ ያንን ታላቅ እንደራሴ መልስ እንዲሰጥ፣ በመልሱም ትንሽ እንዲለዝብ አድርጎታል።

ዳት ሁሉን አላየም። እንግሊዞች ከሕንድ ይውጡ አላለም፤ ሕንዶች በአስተዳደሩ ውስጥ ቦታ ያግኙ ነው ያለው። ቋሚው ድልድል ቤንጋልን ከረሀብ እንደጠበቃት ያምን ነበር፤ በ1943 ግን በዚያችው ቋሚ ድልድል ባላት ቤንጋል ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው አለቀ። ያን እልቂት በልጅነቱ ያየው ቤንጋላዊው አማርትያ ሴን በ1981 ባወጣው መጽሐፉ የቤንጋልን ረሀብ ከኛ ከወሎው ጎን አስቀምጦ አጠናው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል እንደነበር ጽፏል። ሰው የሚራበው በሀገሩ እህል ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህሉን የሚያገኝበት አቅም ስለተወሰደበትም ነው። የዚህ አስተሳሰብ ጅምር ከዳት መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ዝናብ መጥፋቱን አልካደም፣ አንድ ዓመት ዝናብ ሲጠፋ ገበሬው የሚሞተው ግን በደጉ ዓመት ያጠራቀመው አስቀድሞ ስለተወሰደበት ነው አለ። ማሃትማ ጋንዲ መጽሐፉን ሲያነብ ማልቀሱን በ1909 ጽፏል።

ባሮዳ

ለተቺ ሰው የሚቀርብ አንድ የታወቀ ጥያቄ አለ፤ አንተስ ብትሾም ምን ታደርግ ነበር? ዳት መልሱን በሥራ ሰጠ። በ1904 የባሮዳው ልዑል ሳያጂራኦ ጋይክዋድ የግዛታቸው የግብር ሚኒስትር እንዲሆን ጠሩት። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ እንደገና የግብር መዝገብ ከፈተ። ገበሬውንና ትንሹን ነጋዴ የሚያስመርሩ ብዙ ጥቃቅን ግብሮችን አስቀረ፤ የመሬት ግብሩን አቀለለ፤ ዳኝነትን ከአስተዳደር ለየ። ይህ የመጨረሻው እንግሊዞች ራሳቸው በሚገዙት የሕንድ ክፍል ለዓመታት ሲለመኑ እሺ ያላሉት ነገር ነው። በ1909 የባሮዳ ዋና ሚኒስትር ሆነና በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ቀን በሥራው ላይ ሳለ ዐረፈ።

የዳትን ሕይወት ለአማርኛ አንባቢ ያቀረብኩት የባዕድ ጀግና ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። በሀገራችን የሦስት መንግሥታትን መዝገብ የጻፉ፣ የግብሩን፣ የዕርዳታ እህሉን፣ የመሬት ድልድሉን ሂሳብ በእጃቸው የያዙ ብዙ ሰዎች ዛሬ ጡረታ ወጥተው በየቤታቸው አሉ። ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ጦር ሜዳው ብዙ ተጽፎልናል፤ ስለ ወረዳው ሚዛን፣ ስለ ውዝፉ ዝርዝር፣ በየትኛው ዓመት ከየትኛው ቀበሌ ስንት ኩንታል እንደወጣ ግን የጻፈልን የለም ማለት ይቻላል። ይህን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከነሱ ጋር ከተቀበረ ማንም ምሁር አያገኘውም። ዳት ያስተማረኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን የሚበላው ከገበሬው ግብር ስለሆነ የሚያውቀውን ለዚያ ገበሬ የመናገር ዕዳ እንዳለበት ነው። እኔም የያዝኩትን መዝገብ እያስታወስኩ መጻፍ ጀምሬያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ጻፉ። ቁጥሩን ከነዓመቱ፣ ከነወረዳው፣ ከነምክንያቱ አስፍሩት፤ ልጆቻችን ስለ ሀገራቸው ሲከራከሩ በስሜት ብቻ ሳይሆን በማስረጃ ይከራከሩ።